ስስ አየር፦ ከመካነ ሰላም ለመነሣት ስንት የፈረስ ጉልበት ይበቃል?

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚጓዝ፣ እህልና ሸቀጥ የጫነ አሮጌ አይሱዙ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። መኪናው ዳገቱን ሲይዝ ድምፁ ይለወጣል፤ ሾፌሩ ማርሹን ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ይመልሳል፤ ከጭስ ማውጫውም ጥቁር ጭስ ይትጎለጎላል። ረዳቱን «ምን ሆነ?» ብለው ቢጠይቁት «ደጋ ነው፤ ያፍነዋል» ብሎ ይመልሳል። ይህች አጭር መልስ በፊዚክስ ሚዛን ስትመዘን እምብዛም ስሕተት አይገኝባትም።

በዚያው አገር ባቄላ የምትቀቅል እናትም ስለዚሁ ጉዳይ የምታውቀው አላት። የለጋምቦ ወረዳ ዋና ከተማ አቀስታ ከባሕር ወለል ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቆረቆረች ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ፣ ቆላ ወርዳ ብትቀቅለው ቶሎ የሚበስለው ባቄላ እቤቷ ብዙ እንጨት ይፈጃል። የአይሱዙው ድካምና የባቄላው እልኸኝነት ምንጫቸው አንድ ነው፤ እርሱም ከላያቸው የተደረበው አየር ማነሱ ነው።

ሾፌር መኪናው ሲደክምበት ጥግ ይዞ ያቆማል። አውሮፕላን ግን በሰማይ ላይ ጥግ የለውም። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ከአቀስታ ወደ ምዕራብ አለፍ ብላ፣ በቦረና ወረዳ፣ ከአባይ ሸለቆ አፋፍ ብዙም ሳትርቅ የምትገኘውን መካነ ሰላምን የሚመለከት ይሆናል። ይህች ከተማ ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአገር ውስጥ በረራው ከሚደርስባቸው ትናንሽ ማረፊያዎች አንዷ የነበረችበት ጊዜ አለ፤ ማረፊያዋም «ኤም ኬ ኤስ» የሚል ዓለም አቀፍ መለያ ነበረው። በስተምዕራብ አባይ፣ በስተሰሜን በሽሎ፣ በስተምሥራቅ ደግሞ ከ3,900 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የአምባ ፈሪት ተራራ ባሉበት አገር፣ በእግርና በበቅሎ ቀናት የሚፈጀውን መንገድ አውሮፕላን በደቂቃዎች ማሳጠሩ ቀላል ነገር አልነበረም። ይሁንና ከዚያ ማረፊያ አውሮፕላን ማስነሣት ራሱን የቻለ ሒሳብ ይጠይቃል። ሒሳቡን እዚህ አብረን እንሥራው።

የጭድ ክምር

በተማሪዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ስሕተት አለ። «በደጋ አየር ውስጥ ኦክስጅን ያንሳል» ሲባል የኦክስጅን ድርሻ የቀነሰ ይመስላቸዋል። ድርሻውስ አልቀነሰም፤ በአፋር በረሃም ሆነ በአምባ ፈሪት ጫፍ ከአየሩ ውስጥ 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። የሚቀንሰው የአየሩ እፍግታ፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የሚገኘው የአየር መጠነ ቁስ ነው።

አውድማ ዳር የተከመረን የገብስ ጭድ አስቡ። ከሥር ያለው ጭድ የላይኛውን ሁሉ ስለሚሸከም የታመቀ ነው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር እየሳሳና እየላላ ይሄዳል። ከባቢ አየርም እንዲሁ ነው። በባሕር ወለል ላይ በ15 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ግፊቱም 1,013 ሄክቶፓስካል ነው። መደበኛውን የከባቢ አየር ሠንጠረዥ ተከትለን ወደ 2,600 ሜትር ስንወጣ ግፊቱ ወደ 737 ይወርዳል። ከዚህ በኋላ ሙቀት ጣልቃ ይገባል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የመካነ ሰላም አየር 5 ዲግሪ ቢሆን አንዱ ሜትር ኩብ 0.92 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በዚያው ዕለት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፀሐይ በርትታ ሙቀቱ 22 ዲግሪ ቢደርስ ግን ክብደቱ ወደ 0.87 ዝቅ ይላል፤ ይህም የባሕር ወለሉ 71 በመቶ ነው።

አብራሪዎች ይህንን «የእፍግታ ከፍታ» በሚባል ነገር ይገልጹታል። ትርጉሙም አውሮፕላኑ ከምድር ያለውን ርቀት ትቶ፣ በዙሪያው ያለው አየር የስንት ሜትር አየር መሆኑን የሚናገር ቁጥር ማለት ነው። በእኛ ምሳሌ አውሮፕላኑ ጠዋት በ2,850 ሜትር፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ከ3,400 ሜትር በላይ ያለ ያህል ይሰማዋል። ማኮብኮቢያው ከነበረበት ሳይነቃነቅ፣ ከቁርስ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ ውስጥ መካነ ሰላም ከአቀስታ በላይ ወጣች ማለት ነው።

በየደቂቃው ሰባት ሜትር ኩብ

አሁን ወደ ሞተሩ እንግባ። በብዙ የማሠልጠኛ ሴስና 172 አውሮፕላኖች ላይ የተገጠመው ባለ አራት ሲሊንደር የላይኮሚንግ ሞተር የሲሊንደሮቹ ጠቅላላ ይዘት 5.2 ሊትር ሲሆን፣ በደቂቃ 2,700 ጊዜ ሲዞር 160 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ባለ አራት ምት ሞተር ስለሆነ ይዘቱን አንድ ጊዜ የሚሞላው በየሁለት ዙሩ ነው። 2,700ን ለሁለት አካፍለን በ5.2 ብናባዛ ሞተሩ በደቂቃ ሰባት ሜትር ኩብ ያህል አየር እንደሚስብ እናገኛለን።

ልብ ልንል የሚገባው ፒስተኑ የሚያውቀው ይዘትን እንጂ ክብደትን አለመሆኑን ነው። በጅቡቲ ወደብም ሆነ በመካነ ሰላም ሰባት ሜትር ኩብ ይስባል። ነገር ግን በባሕር ወለል ላይ ሰባቱ ሜትር ኩብ 8.6 ኪሎ ግራም አየር ሲሆኑ፣ በመካነ ሰላም ቀትር 6.1 ኪሎ ግራም ብቻ ናቸው። ቤንዚን የሚቃጠለው በአየር ክብደት ልክ ስለሆነ፣ የጎደለው 2.5 ኪሎ ግራም አየር የጎደለ እሳት ነው። የሞተሩ የውስጥ ሰበቃ ግን ከፍታን አይቶ አይቀንስም፤ ፒስተኑን፣ ዘንጉንና የዘይት ፓምፑን ለማንቀሳቀስ የሚከፈለው ያው ነው። ስለዚህ የጉልበቱ ኪሳራ ከአየሩ ኪሳራ ጥቂት ይበልጣል። አየሩ 71 በመቶ ሲቀር ጉልበቱ ወደ 67 በመቶ ይወርዳል። ከ160ው ፈረስ 53ቱ ዳገቱ ላይ ቀርተው መካነ ሰላም የሚደርሱት 107 ናቸው።

የሰው አካል በዚህ ረገድ ከሞተር የተሻለ ነው። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. (ዘመናቱን የምንጠቅሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) 2,240 ሜትር ከፍታ ባላት በሜክሲኮ ከተማ ኦሊምፒክ፣ ከቆላ የመጡ የረጅም ርቀት ሯጮች ትንፋሽ ሲያጥራቸው ሻምበል ማሞ ወልዴ የማራቶኑን ወርቅ አጠለቀ። በደጋ ያደገ ሰው አካሉ ከስስ አየር ጋር ይላመዳል፤ ሞተር ግን አንድ ሺህ ጊዜ ደጋ ቢወጣ ምንም አይማርም።

ቀዩ እጀታ

የሞተሩን ችግር የሚያባብስ ሌላ ነገር አለ፤ በአዳዲስ አብራሪዎች ዘንድም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይኸው ነው። ካርቡሬተር ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚደባልቀው አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ በሚፈጥረው የግፊት ቅናሽ ነው። ሞተሩ ከፍተኛ ጉልበት የሚሰጠው በክብደት 12.5 እጅ አየር ከ1 እጅ ቤንዚን ጋር ሲደባለቅ ነው እንበል። በከፍታ ላይ የአየሩ ክብደት በእፍግታው ልክ ሲቀንስ፣ የሚቀዳው ቤንዚን የሚቀንሰው ግን በእፍግታው ስኩዌር ሩት ልክ ብቻ ነው። የ0.71 ስኩዌር ሩት 0.84 ስለሆነ 12.5 የነበረው ምጣኔ ወደ 10.5 ይወርዳል። ሞተሩ አየር አጥቶ ሳለ ቤንዚን በላዩ ላይ ይጎርፍበታል። ሻማዎቹ በካርቦን ይጠቁራሉ፤ ሞተሩ ይንኮሻኮሻል፤ ቀድሞውኑ የጎደለው ጉልበት እንደገና ይጎድላል። የአይሱዙው ጥቁር ጭስም የዚሁ ዘመድ ነው፤ አየር ያጣ ናፍጣ በከፊል ተቃጥሎ ጥላሸት ሆኖ ሲወጣ ነው የምናየው።

መድኃኒቱ ከአብራሪው ፊት ለፊት፣ ብዙውን ጊዜ ቀይ ቀለም የተቀባ እጀታ ነው። አብራሪው ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ፍሬን ይዞ፣ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ያንን እጀታ በዝግታ ወደ ኋላ ይስባል። ቤንዚኑ ሲቀንስ፣ አንባቢ ከሚጠብቀው በተቃራኒ፣ የሞተሩ ዙር ይጨምራል። ዙሩ ጫፍ ደርሶ መውረድ ሲጀምር እጀታውን ጥቂት ወደ ፊት መልሶ ይተወዋል። በባሕር ወለል ላይ የሠለጠነ ሰው ግን «ለመነሣት ቀዩን እጀታ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ግፋ» የሚለውን ትምህርት በቃሉ ይዞ ይመጣል። ይህ ትምህርት ለቆላ ትክክል ሲሆን ለደጋ አደገኛ ነው።

መቶ ፈረሶች አዲስ አበባ ሲደርሱ

ጉዳዩ በአገራችን ከአቪዬሽን ታሪክ ጋር እኩል ዕድሜ አለው። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ከጅቡቲ መጥቶ ገፈርሳ ላይ አረፈ። እንዲህ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ደጋ ላይ ማረፍ ያው መቼም ይቻላል፤ ጥያቄው ከደጋው መነሣቱ ላይ ነው።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሊከበር ጥቂት ሲቀረው፣ «ጥቁሩ ንስር» እየተባለ የሚታወቀው የትሪኒዳድ ተወላጅ ሁበርት ጁሊያን በልምምድ ላይ የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን ይዞ ተነሣ፤ ከባሕር ዛፍ ጋር ተጋጭቶም ወደቀ። ሕይወቱ ተረፈች፤ አውሮፕላኑ ግን ተሰባበረ፤ ጁሊያንም አገር ለቆ ወጣ። ስለ ምክንያቱ በዚያን ጊዜ ብዙ ተወርቷል፤ እርሱ ራሱ ሞተሩ ሆን ተብሎ ተበላሽቷል ይል ነበር። እኛ ዳኛ ልንሆን አንችልም። ሒሳቡን መሥራት ግን እንችላለን። የጂፕሲ ሞዝ ሞተር 100 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በ2,400 ሜትር ከፍታ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ ከመቶው የሚቀሩት 70 ያህል ናቸው። ያለ አንዳች ተንኮል 30 ፈረስ ከበረት ወጥቷል ማለት ነው። የአዲስ አበባ ባሕር ዛፍ ደግሞ ቶሎ ያድጋል።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት «ፀሐይ» በዚሁ አየር ውስጥ በረረች። የተገጠመላት ሞተር 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ዋልተር ቬኑስ ሲሆን፣ ባለ ሰባት ሲሊንደር ነው። በእኛ ሒሳብ ከዚህ ውስጥ ክንፏን ለማንሣት የሚተርፋት 80 ገደማ ብቻ ነበር። በፋሺስት ወረራ ዘመን ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ ለብዙ አሥርት ዓመታት በሙዚየም ከቆየች በኋላ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። ያዩዋት ሰዎች ስለ ቀለሟና ስለ ታሪኳ ብዙ ይናገራሉ፤ በ80 ፈረስ በደጋ መብረሯ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሁሉ በላይ ሊያስደንቅ የሚገባው ነገር ነበር።

ደመወዝና የቤት ኪራይ

እስካሁን ያየነው ኪሳራ አንድ ሦስተኛ ነው። «አንድ ሦስተኛ ቢጎድል ምን አለ? ቀስ ብሎ ይነሣል» የሚል አንባቢ ይኖራል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

ደመወዙ 100 ብር የሆነና 50 ብር የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው እናስብ። በእጁ 50 ብር ይተርፈዋል። የሞተር ጉልበትም እንዲሁ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ክፍል አውሮፕላኑ ሳይወጣና ሳይወርድ በአየር ላይ እንዲቆይ ብቻ የሚከፈል ኪራይ ነው፤ ለመውጣት የሚያገለግለው ከኪራይ የተረፈው ነው። በባሕር ወለል ላይ ጭነቱን የሞላ አነስተኛ አውሮፕላን ግማሽ ያህል ጉልበቱን ለኪራይ ከፍሎ በተረፈው ግማሽ በሰከንድ 3.5 ሜትር ይወጣል እንበል። መካነ ሰላም ቀትር ላይ ደመወዙ ወደ 67 ብር ይቀንሳል። ባለቤቱ ደግሞ ኪራዩን ይጨምራል፤ በስስ አየር ውስጥ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ክንፉ በፍጥነት መቅዘፍ ስላለበት ኪራዩ 59 ብር ይሆናል። የተረፈው ስምንት ብር ነው። ሞተሩ ያጣው ሲሦውን ሆኖ ሳለ አውሮፕላኑ የመውጣት ችሎታውን ከአምስት እጅ ከአራት እጅ በላይ አጣ። በሰከንድ የሚወጣው ከግማሽ ሜትር ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ነው፤ አንድ ሰው ደረጃ ሲወጣ ከሚያሳየው ፍጥነት ብዙም አይሻልም።

ግማሽ ሜትር በሰከንድ በሜዳ አገር ያስኬዳል። በሸለቆ አፋፍ ላይ ግን ነፋስ ከገደሉ ጫፍ ቁልቁል ሲወርድ በሰከንድ ሁለት ሜትር ቢደርስ የሚገርም አይሆንም። በዚያን ጊዜ አፍንጫውን ወደ ላይ ያቀናው አውሮፕላን፣ ሞተሩ እያጓራ፣ ወደ መሬት ይወርዳል። አብራሪው በድንጋጤ አፍንጫውን ይበልጥ ቢያነሣው ፍጥነቱን አጥቶ ክንፉ መሸከሙን ያቆማል።

ከዚህም ሌላ የሚያታልል ነገር አለ፤ የፍጥነት መለኪያው ነው። ይህ መሣሪያ የሚለካው ወደ ቱቦው የሚገባውን አየር ግፊት ስለሆነ፣ ክንፉ የሚሰማውን ስስነት እርሱም እኩል ይሰማዋል። አውሮፕላኑ በባሕር ወለል ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲደርስ የሚነሣ ቢሆን፣ መካነ ሰላም ላይም መለኪያው 100 ሲል ይነሣል። ሰሌዳው ላይ የተለወጠ ነገር የለም። ጎማው ግን በመሬቱ ላይ የሚሽከረከረው በ119 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ በአንድ አምስተኛ ሲጨምር የሚጠይቀው ጉልበት በ41 በመቶ ያድጋል፤ ያንን የሚሰጠው ሞተር ደግሞ ሲሦው የለም። 1.41ን ለ0.67 ስናካፍል 2.1 እናገኛለን። በባሕር ወለል በ300 ሜትር የሚነሣ አውሮፕላን ከ600 ሜትር በላይ ይንደረደራል ማለት ነው። ማኮብኮቢያው ሣር ከበዛበት ወይም ዝናብ ካራሰው ከዚያም ይበልጣል። የቦሌ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ያህል የረዘመበት ምክንያትም ይኸው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን ለብዙ ዓመታት ለነዳጅ መሃል መንገድ ላይ ሲያርፍ፣ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ግን አንድ ጊዜ ተነሥቶ ይደርስ ነበር። ልዩነቱ የተነሡበት ምድር ከፍታ ነው።

አየር የሚያምቁ ሞተሮች

የአየር እጥረትን በብልሃት ማሸነፍ ይቻላል። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ የተጠቀመባቸው የዳግላስ አውሮፕላኖች፣ ማለትም እኛ ዲሲ 3 የምንላቸው፣ በእያንዳንዱ ክንፋቸው ላይ ባለ 14 ሲሊንደር የፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተር ነበራቸው። በነዚህ ሞተሮች ውስጥ በማርሽ የሚዞር የአየር ማመቂያ አለ። ሳሳ ያለውን የደጋ አየር ሰብስቦ፣ አምቆ ወደ ሲሊንደር ያስገባዋል። በዚህም ምክንያት ሞተሩ በማያቋርጥ አሠራር የሚሰጠውን 1,050 የፈረስ ጉልበት ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ድረስ ይዞ መዝለቅ ይችላል። ይህ ከፍታ የአዲስ አበባን የሚያህል መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ ለእኛ አገር ግን የተሠራ ይመስላል። ዲሲ 3 አስፋልት የማያውቁ የአገር ቤት ማረፊያዎችን ለብዙ አሥርት ዓመታት ያገለገለው በጥንካሬው ብቻ አይደለም፤ በደጋ ትንፋሹ የማያጥር በመሆኑም ጭምር ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትዊን ኦተር ሌላ ብልሃት አለው። የተርባይን ሞተሮቹ እያንዳንዳቸው 620 የፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ ተብለው ቢመዘገቡም በባሕር ወለል ላይ ከዚያ በላይ የማመንጨት አቅም አላቸው፤ ጥርሳቸው እንዳይጎዳ ታስቦ ታግደዋል። ከፍታ ሲወጣ የሚጎድለው መጀመሪያ ከዚያ ከታገደው ትርፍ ላይ ነው። ለክፉ ቀን እህል ጎተራ ውስጥ እንዳስቀመጠ ገበሬ ነው። በአሁኑ ዘመን በአዲስ አበባ ለአብራሪዎች ማሠልጠኛ ከዋሉት አውሮፕላኖች መካከል ዳይመንድ ዲኤ 40 ኤንጂ የተባለው የተርቦ ናፍጣ ሞተር ያለው ሲሆን፣ ከጭስ ማውጫው በሚወጣው ጋዝ ተርቦውን አሽከርክሮ 168 የፈረስ ጉልበቱን በደጋም አስከብሮ ይይዛል። በመንገዱ ላይ ያሉት አዳዲስ አይሱዙዎችም ተርቦ ስላላቸው ጥቁር ጭሳቸው ቀንሷል።

ማመቂያ የማያቃልለው ነገር ግን አለ። ክንፉና ፕሮፔለሩ አሁንም የሚሠሩት በስስ አየር ውስጥ ነው። ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ቢኖረውም የመነሻ ፍጥነቱ 119 ከመሆን አይድንም።

በ1977 ዓ.ም. ይህ ሁሉ ከመጽሐፍ ወጥቶ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆነ። በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋዎች ረሃብ ሲገባ መንገድ ያልነበራቸው አምባዎች ብዙ ነበሩ። ከባድ ጭነት ይዞ ማረፍ፣ በተለይም ተመልሶ መነሣት የሚያስችል ማኮብኮቢያ በሌለበት፣ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላኖች እህሉን ከ15 ሜትር ገደማ ከፍታ እየበረሩ መጣል ግድ ሆነባቸው። የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ቀድመው ደርሰው መጣያ ሜዳውን ያዘጋጁ ነበር። እህሉ ከአንድ በላይ በሆነ ጆንያ ተደራርቦ ይታሰር ነበር። ለምን እንደሆነ አሁን እናውቃለን፤ መለኪያው የሚያሳየው ፍጥነት ያው ሆኖ ሳለ ከ3,000 ሜትር አምባ ላይ የወደቀ ጆንያ በቆላ ከወደቀው 40 በመቶ ያህል በሚበልጥ ጉልበት መሬቱን ይመታል።

ማን ይቅር?

ወደ ሴስናችን እንመለስ። ማመቂያ የላትም፤ ማኮብኮቢያው አይረዝምም፤ ቀዩ እጀታ በትክክል ተስተካክሏል። አብራሪው በእጁ የቀሩት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ሰዓትና ክብደት።

ሰዓትን በተመለከተ፣ በጠዋቱ 1 ሰዓት ሞተሩ 115 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 107 ነው። ስምንት ፈረስ ጥቂት ትመስላለች። ከኪራይ በኋላ በሚተርፈው ስንለካት ግን ትልቅ ናት፤ የጠዋቱ ደመወዝ 72፣ ኪራዩ 57.5 ስለሚሆን ትርፉ ከስምንት ወደ 14.5 ብር ያድጋል፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። በዚያ ላይ ጠዋት ሸለቆው ገና አልሞቀም፤ ነፋሱም ጸጥ ያለ ነው።

የክብደቱ ነገር ከዚህም ይበልጣል። ኪራዩ የሚቀንሰው ከክብደቱ በፈጠነ መጠን ነው። የአውሮፕላኑ ጠቅላላ ክብደት 1,090 ኪሎ ግራም ቢሆንና አንድ አምስተኛው፣ ማለትም ወደ 220 ኪሎ ግራም የሚጠጋው ቢወርድ፣ የቀትሩ ኪራይ ከ59 ወደ 42 ብር ዝቅ ይላል። ትርፉ ከስምንት ወደ 25 ይወጣል። አውሮፕላኑም ቀሎ ስለሚገኝ፣ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ይወጣ የነበረው ከሁለት ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከገደሉ ጫፍ ቁልቁል የሚወርደውን ነፋስም መቋቋም ይችላል።

220 ኪሎ ግራም ማለት ሁለት ሰዎች፣ ሻንጣቸውና መቶ ሊትር ያህል ቤንዚን ነው። ቤንዚኑን መቀነስ ይቀላል፤ መድረሻው ኮምቦልቻ ከሆነ መንገዱ አጭር ነው፤ ማረፊያውም 1,860 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ወፈር ይላል። ሁለቱን ሰዎች «ነገ ጠዋት ተመለሱ» ማለት ግን፣ አንዱ ታማሚ ሌላው አስታማሚ በሆነበት ቀን፣ ከሒሳቡ ሁሉ የከበደው ክፍል ነው። ጥሩ አብራሪ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ያንን ያደርገዋል፤ ወረቀቱን አውጥቶ፣ የሙቀት መለኪያውን አይቶ፣ ማኮብኮቢያውን በእግሩ ተራምዶ ከለካ በኋላ። ከዚያም በማኮብኮቢያው ጎን አንድ ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ ይመርጣል፤ እዚያ ሲደርስ ለመነሣት ከሚያስፈልገው ፍጥነት 70 በመቶውን ካላገኘ ሞተሩን ዘግቶ ይቆማል።